የውኃ አንቁር ሰማያዊነት ከየት መጣ?

ክረምት ሲገባ በአዳማ ዙሪያና ወደ ባቱ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ፣ በግራር ጥላና በሣር መካከል አንድ ትንሽ ሰማያዊ አበባ እናገኛለን። ሕዝቡ የውኃ አንቁር ይለዋል፤ የሳይንስ ስሙ ኮሜሊና ቤንጋሌንሲስ ነው። አበባው በማለዳ ፈክቶ እኩለ ቀን ገደማ ይጠወልጋል።

ቀለሙን «ሰማያዊ» የምንለው ሰማይን ስለሚመስል ነው። የሁለቱ መንስኤ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የአየር ሞለኪውሎች አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን አብልጠው ይበትናሉ፤ የ450 ናኖሜትር ብርሃን ከ700 ናኖሜትሩ 6 እጥፍ ገደማ ይበተናል። አበባው ግን ብርሃንን መርጦ ይውጣል፤ በ600 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብጫና ብርቱካንማ ብርሃን አስቀርቶ ሰማያዊውን ይመልስልናል።

የአንድ ፎቶንን ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት ለማግኘት 1240ን በሞገዱ ርዝመት እናካፍል። ለ600 ናኖሜትር 2.1 ገደማ ይሆናል። አንቶሲያኒን የተባለው የዕፅዋት ቀለም በአሲድ ውስጥ ሲሆን በ520 ናኖሜትር፣ ማለትም በ2.4 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሚውጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። ታዲያ የጉልበቱን ልዩነት ምን አጠበበው? የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ተክል እስያዊ ዘመድ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1992 መልሱን አሳትመዋል። 6 የአንቶሲያኒንና 6 የፍላቮን ሞለኪውሎች ከ2 የማግኒዚየም አዮኖች ጋር ተቀናጅተው አንድ ግዙፍ ሞለኪውል ይሠራሉ። ሰማያዊነቱ የዚህ ቅንጅት ውጤት ነው። ተማሪዎች የአበባውን ቅጠሎች በጥቂት ውኃ ጨቅጭቀው ሎሚ ቢያንጠባጥቡበት አሲዱ ቅንጅቱን ሲያፈርስና ቀለሙ ወደ ቀይ ሲያደላ ሊመለከቱ ይችላሉ።

ለገበሬው ግን ይህ አበባ ብርቱ አረም ነው። ተክሉ ከሚታዩት አበቦች ሌላ ከአፈር በታች የማይከፈቱ አበቦች አሉት፤ እነርሱም ራሳቸውን በራሳቸው አዳቅለው ዘር ይሰጣሉ። ግንዱ ውኃ ያዘለ በመሆኑ ቁራጩ እርጥብ አፈር ካገኘ ከአንጓው ሥር ይሰዳል። ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም ኬሚካልም በቀላሉ አይበግረውም።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። አረሙን በዝናብ ወቅት ቆራርጦ በማሳው ላይ መተው መልሶ እንደ መትከል ይቆጠራል። ዘር ሳያፈራ፣ ከአፈር በታች ያለውን ክፍል ጭምር ነቅሎ ከማሳው ማውጣት ያስፈልጋል። የተነቀለውም ለከብት መኖ ስለሚውል ድካሙ ከንቱ አይቀርም።