ከሱጁድ ስንነሳ የሚያዞረን ለምንድን ነው?

በረመዷን ተራዊሕ ላይ ከሱጁድ ቀና ሲሉ ግድግዳ የሚይዙ ጥቂት አይደሉም። እናቶቻችንም «ራሴን አዞረኝ» ይላሉ። ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሄዳችሁ የምታስተረጉሙት እናንተ ስለሆናችሁ አስቀድማችሁ ጠይቋቸው፦ ቤቱ ይሽከረከራል ወይስ ዓይን ጨልሞ ልውደቅ ልውደቅ ይላል? በአማርኛ ሁለቱም «ማዞር» ነው፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው።

ቤቱ የሚሽከረከረው አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ለሱጁድ ሲደፉ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ከሆነ፣ ምንጩ ብዙውን ጊዜ የውስጥ ጆሮ ነው። ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ወጥተው ሚዛን ወደሚጠብቁት ቱቦዎች ይገባሉ። ለዚህ ክኒን እምብዛም አይረዳም። ባለሙያው ራስን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያዞረ ቅንጣቶቹን ይመልሳቸዋል፤ ኤፕሊ የሚባለው ይህ ዘዴ የሚፈጀው ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ዓይን የሚጨልም ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የደም ግፊት መውረድ ነው። ስንቆም ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል። ሰውነት የደም ሥሮችን ፈጥኖ ካላጠበበ አንጎል ለአፍታ ደም ያንሰዋል። ውኃ ያነሰው ጿሚ ላይ ይህ ይብሳል፤ በሰሜን አውሮፓ የበጋ ጾም ደግሞ ከ18 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ውኃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከፋፍላችሁ ጠጡ። ሱሑር ላይ አንድ ሊትር መገልበጥ ብዙም አይጠቅምም፣ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ስትነሱም ቀስ በሉ። ካዞራችሁ ወዲያው ተቀመጡ፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ቆሞ መውደቅ ጀግንነት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለታመመው ሶሓባ ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ቆሞ መስገድ ካልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ነግረውታል።

የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወላጅ ያላችሁ፣ ከረመዷን በፊት ሐኪሙን ስለ መውሰጃው ሰዓትና መጠን አማክሩ፤ በራሳችሁ አትለውጡ። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (3.9 ሚሊሞል በሊትር) በታች ከወረደ፣ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም ጾሙ ወዲያው ይፈታል። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 185 አላህ ለታመመ ሰው ሌሎች ቀናትን ሰጥቶታል። እህቶች የወር አበባችሁ ከበዛና ማዞሩ ከተደጋገመ፣ የደም ማነስና የብረት ምርመራ ጠይቁ።

ማዞሩ ከንግግር መንተባተብ፣ ከፊት መጣመም፣ ከአንድ ጎን ክንድ መዛል ወይም ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ ግን ሶላቱን አቋርጣችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው።