ስለ ጃንጎ ፕሮግራም፤ በመሥሪያው ጠረጴዛና በአደባባይ

በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ጃንጎ ነው። መነሻው በአሜሪካ አገር፣ በካንሳስ፣ በሎረንስ ከተማ የሚገኝ ጋዜጣ ቤት ሲኾን፣ ለሕዝብ የተለቀቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ነው። እዚህ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ የሠራው ፕሮግራም ሕዝብ ወደሚጠቀምበት ሰርቨር ሲዛወር ምኑ መለወጥ አለበት?

አንድ ተማሪ ለማኅበሩ የአባላት መዝገብ ሠራ እንበል። ጃንጎ «ሴቲንግስ» የሚባል ፋይል ይፈጥርለታል፤ በውስጡም «ዲበግ» የተባለው ቅንብር «ትሩ» ተብሎ ይገኛል። ይህ ለሠሪው ትልቅ ርዳታ ነው። ስሕተት በተነሣ ቍጥር ፋይሉንና መሥመሩን፣ በዚያችም ደቂቃ በተለዋዋጮቹ ውስጥ የነበረውን ኹሉ በገጹ ላይ ይዘረዝርለታል። በአደባባይ ሲውል ግን ያንኑ ገጽ ማንኛውም እንግዳ ያየዋል። ጃንጎ በስማቸው «ፓስ» ወይም «ሲክሬት» የሚል ያለባቸውን ቅንብሮች በኮከብ ምልክት ይሸፍናል፤ በተለዋዋጭ ውስጥ ያለውን የአባሉን ስምና ስልክ ግን አይሸፍንም።

እንግዲህ አንዳንዶች ፋይሉን ሲልኩ «ፎልስ» ይሉታል፣ ሲመልሱ ደግሞ «ትሩ» ይሉታል። ይህ በሰው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ አሠራር ነው። የሚሻለው ኮዱ በኹለቱም ቦታ አንድ ኾኖ፣ የሚለያየው ነገር ከውጭ፣ ማለት ከኮምፒውተሩ ኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል እንዲነበብ ማድረግ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ጕድጓድ አለ። ከዚያ የሚመጣው ዋጋ ኹልጊዜ ጽሑፍ ነው። ፓይተን ደግሞ ባዶ ያልኾነውን ጽሑፍ ኹሉ እንደ እውነት ይቈጥረዋል፤ «ፎልስ» የሚለውም ቃል ጽሑፍ ከኾነ እውነት ነው! ስለዚህ ሠሪው አጠፋሁ ያለው «ዲበግ» በርቶ ያድራል። መድኃኒቱ ዋጋው በትክክል «ትሩ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር እኩል መኾኑን መጠየቅ ነው፤ ቫሪያብሉ ጨርሶ ባይገኝም እንደ ጠፋ ይቈጠር።

«ሲክሬት ኪ» ግን ምትክ ዋጋ ሊሰጠው አይገባም። ጃንጎ የይለፍ ቃል ማደሻ ማስረጃዎችንና ሌሎችንም መረጃዎች የሚፈርምበት ቍልፍ ስለ ኾነ፣ ከሌለ ፕሮግራሙ አልነሣም ቢል ይመረጣል። ቍልፉ አንድ ጊዜ በጊት መዝገብ ከገባ በኋላ ከፋይሉ መሰረዝ አይበቃም፤ አሮጌው ቅጂ በታሪኩ ውስጥ ስለሚኖር ቍልፉ ራሱ መለወጥ አለበት።

«ዲበግ» ሲጠፋ «አላውድ ሆስትስ» በሚለው ዝርዝር የድረ ገጹ ስም ካልተጻፈ ጃንጎ ጥያቄውን አይቀበልም። «ራንሰርቨር»ም ለመሥሪያ ጊዜ ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ በአደባባይ እንደ ጉኒኮርን ያለ ሰርቨር ይተካዋል።

ከመልቀቃችን በፊት «ማኔጅ.ፓይ ቼክ --ዲፕሎይ» የሚለውን ትእዛዝ ብንሰጥ የቀረውን ጕድለት ይዘረዝርልናል። ትእዛዙ የሚመረምረው በዚያን ጊዜ የተነበበውን ቅንብር ስለ ኾነ፣ የአደባባዩ ዋጋዎች ባሉበት በሰርቨሩ ላይ መሰጠት አለበት።