ዲስኩን የበላው ማን ነው?

ፍሬን ሲይዝ መሪው እጁ ላይ የሚንቀጠቀጥበት ሾፌር ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ»። ዲስኩ ይላጣል፤ መኪናዋ ለጥቂት ሳምንት ጨዋ ትሆናለች። ከዚያ ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ቶርኖ፣ በመጨረሻም ከልኩ በታች የሳሳ ዲስክ። በዚህ ሁሉ መሃል ዲስኩን አዛብቶ የበላው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ዲስክ በራሱ የሚሠራው ነገር ቢኖር ከጎማው ጋር መዞር ብቻ ነው። የተበላው በሌላ ነገር ነው፤ የት እንደተበላ አይቶ የበላውን ማወቅ ደግሞ ይቻላል።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ። በቪትዝና በኮሮላ ዓይነት መኪኖች የፊት ካሊፐር ፒስተኑ በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ፔዳል ሲረገጥ ፒስተኑ የውስጡን የፍሬን ሸራ ዲስኩ ላይ ይጫነዋል፤ ካሊፐሩ ራሱ ደግሞ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ወደ ዲስኩ ይስበዋል። እግር ሲነሣ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት ፒስተኑን በጣም በጥቂቱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ፍሬን በማይያዝበትም ጊዜ ሸራው ከዲስኩ ብዙ አይርቅም፤ አፍንጫው ሥር ነው።

እንግዲህ ከፒኖቹ አንዱ ዝጎ ወይም ጭቃ ገብቶበት አልንሸራተት ሲል ምን ይሆናል? ሸራው እንደ ሽብልቅ በአንድ ጫፉ ሳስቶ በሌላው ወፍሮ ይገኛል። ሁለቱም ፒኖች ከተያዙ ካሊፐሩ ስለማይሳብ ሥራው ሁሉ በውስጡ ሸራ ላይ ይወድቃል፤ የዲስኩ የውስጥ ገጽ ይበላል፣ የውጪው ገና አዲስ ይመስላል። ፒስተኑ ሄዶ የማይመለስ ከሆነም እንዲሁ የውስጡ ይጎዳል። የውጪው ሸራ ብቻ ቀድሞ ካለቀ ካሊፐሩ ይሄዳል እንጂ አይመለስም ማለት ነው፤ አሁንም ፒኖቹን ማየት ነው። በጎማው ቀዳዳ አጮልቆ «ሸራው ገና ነው» የሚል ሰው የሚያየው የውጪውን ብቻ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውስጥ በኩል ነው።

ሀይሉክስ ላይ ግን ይህን ትምህርት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ሱዳኖች ቦክሲ የሚሏት ይህች ፒካፕ ባለ አራት ጎማ ነጂ ስትሆን የፊት ካሊፐሯ የሚንሸራተት ሳይሆን የታሰረ ነው፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ፒስተን አለው። የሚዝግ ፒን ስለሌላት ብዙ መካኒክ ደህና ናት ብሎ ያልፋታል። የእሷ በሽታ ፒስተኖቹ ናቸው። የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ሲቀደድ አፈርና ውኃ ይገባና ከአራቱ አንዱ ይነክሳል። ሸራው ሲወጣ ጫፍና ጫፉ እኩል ካልሆነ፣ ከወፍራሙ ጫፍ ኋላ ያለውን ፒስተን ጠርጥሩ፤ እሱ ሥራ አቁሟል። ሸራ መቀየር ብቻውን ይህን አያድንም፤ እንዲያውም አዲሱን ሸራ ለማስገባት ዝገት የያዘውን ፒስተን በካቻቢቴ በግድ ወደ ኋላ መግፋት ነገሩን ያባብሰዋል።

የግራው ዲስክ አልቆ የቀኙ ደህና ሲሆን ደግሞ ሰው ወዲያው የሚፈርደው ባለቀው ላይ ነው። መቸኮል አይገባም። ምናልባት ያለቀው ጤነኛው ነው፤ ቀኙ ስላልያዘ የሁለት ሰው ሥራ ሲሠራ ከርሟል። ሲያዝ መኪናዋ ወደ ግራ ከሳበች የቀኙ መስነፉን ወይም የግራው ከሚገባው በላይ መያዙን ትናገራለች። ከሁለቱ አንዱን ለመለየት ትንሽ ነድቶ ፍሬን ሳያበዙ መቆምና የየቸርኬውን ሙቀት ማስተያየት ነው። እጅ ይጠጋል እንጂ አይነካም፤ ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግም ይበቃል። ፍሬን ሳይያዝ የጋለው የመኪና እግር ፍሬኑ የማይለቀው ነው። ያን እግር በክሪክ አንሥታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ከከበደ የካሊፐሩን የአየር ማውጫ ቡሎን ትንሽ ክፈቱ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ከተፈታ ግፊት ታስሮ ነበር ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አብጦ የተዘጋ የላስቲክ ቱቦ ነው። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው ካልተፈታ ጥፋቱ የብረት ነው፤ ፒስተን፣ ፒን ወይም ቦታው ላይ የተቀረቀረ ሸራ።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ እንመለስ። «ተጣሟል» የሚባለው ዲስክ ሲለካ ብዙ ጊዜ የተጣመመ ሳይሆን ዙሪያው ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ሆኖ ይገኛል። በማይክሮሜትር ከውጪው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በስምንት ቦታ ይለካል። በወፍራሙና በስሱ መካከል የ0.02 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ እግር ሥር ሊሰማ ይችላል። ወፍራሙ ቦታ ሸራው ሥር ባለፈ ቁጥር ፒስተኑን ይገፋል፣ ዘይቱ ፔዳሉን ይገፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ጎማው በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ያ ነው የሚርገበገበው። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊቱ ነው፣ ወንበርና ወለሉ ከሆነ የኋላው። ፍሬን ሳይያዝም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩን ተዉትና ጎማውንና ቸርኬውን እዩ።

ይህ የውፍረት ልዩነት የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከሞዞው ነው። ዲስኩ ሞዞ ላይ ሲቀመጥ በመሃላቸው የዝገት ቅርፊት ወይም የደረቀ ጭቃ ከቀረ ዲስኩ በጣም በትንሹ ያዘነብላል። ሞዞው ጠርዝ ላይ የፀጉር ውፍረት ታህል የነበረች ነገር ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ እጥፍ ትሆናለች። ዲስኩ እየተወላገደ ሲዞር አንዱ ቦታው ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ ሁሉ ሸራውን እየላሰ ያልፋል፤ በኪሎ ሜትር አምስት መቶ ጊዜ ያህል ማለት ነው። ያ ቦታ ይሳሳል። ስለዚህ አዲስ ዲስክ በገባ ማግሥት መንቀጥቀጥ የለም፤ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ይመጣል፣ ሰውም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይረግማል። ጎሚስታው ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ ፈንታ በቅደም ተከተል እያዞረ፣ መፍቻው ላይ ቆሞ ሲያስርም ያንኑ ያመጣል።

ይህንን መወላገድ ለመያዝ ዳያል ጌጅ ይመረጣል፤ በብዙ መኪኖች የሚፈቀደው መወላገድ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቀጥሎ ያለው ብልሃት ግን ከመሣሪያውም ይበልጥ ያስተምራል። ዲስኩ ሳይወልቅ እሱና ሞዞው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ከፍ ያለውን ቦታ ለዩ። ዲስኩን አውጥታችሁ በአንድ ቡሎን ቦታ አዙራችሁ መልሱት። ከፍ ያለው ቦታ ከዲስኩ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የዲስኩ ነው፤ ሞዞው ጋ ከቀረ የሞዞው ወይም የኩሺኔታው። ምልክት ሳያደርጉ የሚያወልቁ መካኒኮች ማስረጃውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ።

የቀረው መንገዱን መጠየቅ ነው። ከጎንደር በጭልጋ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መኪና ከ2,000 ሜትር በላይ ካለ ደጋ ወደ 700 ሜትር ገደማ ቆላ ይገባል። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚፈታው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ጀሪካን ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ንፋስና ሞተር ይወስዱታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፍሪ ያደረገ ሾፌር ግን የሞተሩን ድርሻ ፍሬኑ ላይ ጭኖታል። ቁልቁለቱ አልቆ ኬላ ጋ ሲደርስ ደግሞ ፔዳሉን ረግጦ ይቆማል። የጋለው ሸራ በቆመበት ቦታ ዲስኩ ላይ ማኅተሙን ይተዋል። ያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይይዛል፣ ይበልጥ ይግላል፤ ሙቀቱ ከበዛ ብረቱ ራሱ በዚያ ቦታ ይጠነክራል፣ ሰማያዊ ነቁጥም ያወጣል። በቶርኖ ሲላጥ ጠንካራው ነቁጥ ከሥር ይቀራል፤ ሌላው ቦታ ሲበላ እሱ ተመልሶ ጉብ ይላል። ሰማያዊ ነቁጥ ያወጣ ዲስክ መቀየር ነው፤ ለቶርኖ የሚከፈለው ገንዘብ ይባክናል።

ከመተማ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ሱዳን፣ ጋላባት የገባ ሾፌር ይህ የቁልቁለት ሥጋት ይቀልለታል። የገዳሪፍ ምድር ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ሜዳ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የተጠጋችው ቁረይሻም ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራባት አይደለችም። እዚያ ዲስክ የሚበላው ዋልካው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጥቁሩ ጭቃ ቸርኬውን ይሞላል፣ የባለ ሁለት ንጣፉን ዲስክ ማናፈሻ ክፍተቶች ይደፍናል፣ ፒንና ፒስተን ላይ ይጋገራል። ዝናቡ ሲያባራ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ማናፈሻው በአንድ ወገን ብቻ የተደፈነ ዲስክ በዚያ ወገን ይበልጥ ይግላል። መንገድ ተዘግቶባት ክረምቱን የቆመች መኪናም ዲስኳ ይዝጋል፤ ሸራው የተቀመጠበት ቦታ ግን አዛዛጉ ስለሚለይ በመጀመሪያው ቀን ትንቀጠቀጣለች። ቀላል ዝገት ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ በመንዳት ይጠረጋል፤ ቶርኖ ለመሮጥ አያስቸኩልም።

አቧራና ዲስክ የቆየ ጠብ አላቸው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሸራው መዳብ ነበርና በዘመኑ አቧራማ መንገድ ቶሎ ቶሎ ያልቅበት ነበር። ዲስክ በሰፊው የታመነው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ጃጓር በ1953 የለ ማን ውድድርን በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ ወዲያ ነው።

ጥፋተኛው ከተያዘ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። ዲስኩ ላይ ወይም በመጽሐፉ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት ማየት፤ ከተላጠ በኋላ ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ መቀየር። ሲላጥም ሲቀየርም ግራና ቀኝ አንድ ላይ። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ መፈተግ። ለፒኖቹ ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት እንጂ ተራ ግራሶ አይሆንም፤ ተራው ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ፒኖቹ ታጥበውና ተቀብተው ሲመለሱ በሁለት ጣት ሲገፉ ያለ ትግል መግባት አለባቸው፤ መዶሻ የሚጠይቁ ከሆነ አዲሱን ዲስክ ገና ከካርቶኑ አታውጡት።