ለአንድ ሴሚስተር ወደ ሴኡል ለሚሄዱ ልጆቻችንና ለእኛ ለሸኚዎቻቸው፤ ከጀልዴሳ የቀረበ ማሳሰቢያ

ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ልጆቻችን መካከል በተማሪ ልውውጥ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር መማርን የሚያስቡ አሉ። ደቡብ ኮሪያ፣ በተለይም ሴኡል፣ ስሟ ይነሳል። ይህ ማሳሰቢያ ለእነሱም ለእኛ ለቤተሰብና ለጎረቤትም ነው። ልጆቻችን ክፉ አስበው እንደማይሄዱ እናውቃለን፤ ብዙው ችግር የሚመጣው ባለማወቅ ነው።

አስቀድመን ስለ ከተማዋ አንድ ነገር እንያዝ። የድሬዳዋ አስተዳደር ጀልዴሳንና ሌሎቹን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በዚህ ሁሉ መሬት ላይ የተቆጠርነው 341,834 ሰዎች ነበርን። ሴኡል 605 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ የእኛን ግማሽ ያህል። የሚኖርባት ሕዝብ ግን ከ9 ሚሊዮን በላይ ነው። እዚህ በግቢያችን የምናደርገው ከግቢያችን ብዙም አይወጣም። እዚያ በግድግዳው፣ በወለሉና በጣሪያው በኩል ሌላ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ሌላው፣ የልውውጥ ቦታ የአንድ ልጅ ዕድል ብቻ አይደለም። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈራርመው የከፈቱት በር ነው፤ ለቀጣዩ ልጅ ክፍት የሚቆየውም የመጀመሪያው አኗኗር ታይቶ ነው። ይህ ነገር ለጀልዴሳ አዲስ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደርሶ ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት፣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት ከግመል የሚያራግፈውና ቀረጥ የሚከፍለው እዚህ ነበር። ነጋዴው በመካከሉ ያለውን ቆላ የሚያቋርጠው ዋስ ሆኖ በሚያሳልፈው አባን ነው። አባኑ ቃሉን ካፈረሰ ከኋላ የሚመጣውን ማንም አያሳልፈውም ነበር። ቀድሞ የሚሄደው ተማሪም ለተከታዩ አባን ነው።

ከመነሳታችን በፊት

እናድርግ፦

• ከዓመት በፊት እንጀምር። የኮሪያ ሴሚስተሮች የሚከፈቱት በየካቲት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ማመልከቻው ግን ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ የዘገየ ሰው ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ሌላ ልጅም አይገባበትም።

• ስማችን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ አንድ፣ ትራንስክሪፕቱ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ከሆነ ቪዛ የሚሰጠው ሰው ሦስት ሰው ያያል። የልደት ቀንም ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲዞር እንዳይዛባ አብረን እንየው።

• የምንወስዳቸው ኮርሶች እዚህ እንደሚያዙልን ከትምህርት ክፍላችን በጽሑፍ እናስፈርም። የቃል ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

• የሳንባ ነቀርሳ ምርመራችንን በጊዜ እናድርግ። ኮሪያ ከኢትዮጵያ ለረዥም ቆይታ የሚሄድን ሰው ውጤቱን ትጠይቃለች፤ በጠባብ ክፍል አብሮን ለሚተኛው ልጅም የሚገባው ነው።

• በጀቱን በኮሪያ ገንዘብ፣ በዎን፣ እናስላ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የምንዛሪው ዋጋ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በልውውጥ ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይቀራል፤ አልጋው፣ ምግቡ፣ ኢንሹራንሱና ትኬቱ ግን በእኛ ላይ ነው።

እንራቅ፦

• ለደላላ አንክፈል። የልውውጥ ቦታ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲያችን ብቻ ነው፤ «በገንዘብ አስገባችኋለሁ» የሚለን ሰው ወደ ጅቡቲ መንገድ ልጆቻችንን ሲያስወጣ ከኖረው የተለየ አይደለም።

• የሐሰት የባንክ ማስረጃ አናቅርብ። አንዱ ሲያዝ ከድሬዳዋ የሚመጣው ፋይል ሁሉ ይጠረጠራል።

• ቪዛው ሳይመታ ግመል አንሽጥ፤ ቪዛ ቢከለከል የተሸጠው አይመለስም፣ ታናናሾቹም ከወተቱ ይጎድላሉ።

ሻንጣው ውስጥ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ጫት በእኛ ዘንድ በአደባባይ ይሸጣል፤ ለሠርግም፣ ለዱአም፣ ለሥራም ይቀርባል፤ ከድሬዳዋ በየቀኑ ወደ ጅቡቲ ይጫናል። ስለዚህ ብዙዎቻችን እንደ ወንጀል አናየውም። ኮሪያ ውስጥ ግን በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከተከለከሉት አደንዛዥ ዕፆች ጋር የተመዘገበ ነው። ደርቆና ተፈጭቶ ሻይ ቅጠል ቢመስልም ያው ነው። «ትንሽ ነው፣ ለራሴ ነው» ማለት አያድንም፤ ውጤቱ እስርና ከአገር መባረር ነው። ከዚያ በኋላ ያ ዩኒቨርሲቲ ከእኛ አካባቢ ሌላ ልጅ ለመቀበል ምን ያህል ልብ ይኖረዋል?

• ጫት፣ አንዲት ቅጠልም ብትሆን፣ አንያዝ፣ በፖስታም አንላክ፤ የሚታሰረው ተቀባዩ ልጅ ነው።

• የታሸገ አደራ አንቀበል። ሰጪው ዘመድም ቢሆን ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ በእጃችን ተመልሶ ይታሸግ፤ ጥሩ ሰው በዚህ አይቀየምም። እኛም ሸኚዎች «ይህቺን ብቻ አድርስልኝ» እያልን ልጁን አናስጨንቀው።

• ቋንጣና ሥጋ ነክ ነገር አንያዝ። የእንስሳት በሽታን ፈርተው ይከለክላሉ፣ ይቀጣሉም፤ ከብት ያለን ሰዎች ስለሆንን ይህ ሥጋት ይገባናል።

• በርበሬ፣ ሽሮና ቡና በደንብ ታሽጎ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት ይሂድ፤ ጉምሩክ ሲጠይቅም እውነቱ ይነገር። ከባዱ ኮት ግን እዚያ ይገዛል፤ በጥር ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚወርድበት ቀን አለ፣ የእኛ ገበያ ጃኬት አይችለውም።

ማደሪያችን የሌላውም ጣሪያ ነው

ዶርም ከተገኘ ዶርም ይመረጥ። ካልተገኘ ተማሪዎች ጎሺዎን የሚባለውን ይከራያሉ፤ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ብቻ የሚይዙ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ተደርድረው የሚገኙበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ጆንግኖ በሚባለው ሰፈር አንድ ጎሺዎን ተቃጥሎ 7 ሰዎች ሞተዋል፤ እሳቱ የተነሳው ከአንድ ክፍል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበር።

እንራቅ፦

• ከሰል አናቀጣጥል፣ ዕጣን አናጭስ። ቡናችን ያለ ጭስ ጎደሎ እንደሚመስለን አውቃለሁ፤ ግን ጭስ ጠቋሚው ሲጮህ መቶ ሰው በሌሊት ልብስ ደረጃ ይወርዳል። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በጋራ ኩሽና እናፍላ፤ ጎረቤቶቹንም እንጥራ፣ ቡና ብቻውን አይጠጣም።

• ማሞቂያ አብርተን አንተኛ፣ ጥለንም አንውጣ፤ የጆንግኖውን ሌሊት እናስብ።

• ከመሸ በኋላ ወለል አንርገጥ፣ በስልክ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አናውራ። በኮሪያ የፎቅ ለፎቅ ጫጫታ ጎረቤትን ከጎረቤት ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርስ ጉዳይ ነው።

እናድርግ፦

• ቆሻሻውን በደንቡ እንለይ። በሴኡል ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ቆሻሻ የሚወጣው ከሱቅ በሚገዛ ልዩ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱም በየወረዳው ይለያያል፣ የጎረቤት ወረዳው አያገለግልም። የምግብ ትራፊ ውሃው ተንጠፍጥፎ ለብቻው ይጣላል። የዶሮ ወጡን አጥንትና የእንቁላሉን ቅርፊት ግን ከትራፊው ጋር አንጨምር። ትራፊው ለእንስሳት መኖና ለማዳበሪያ ስለሚውል፣ ከብት የማይበላው ነገር ከሌላው ቆሻሻ ጋር ነው የሚሄደው። የት እንደሚገባ ካልገባን የቤቱን ጠባቂ እንጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም፣ ቅጣቱን አከራዩ ሲከፍል ግን ቀጣዩ ሐበሻ ክፍል ያጣል።

• ሃይማኖታችንን ሳንደብቅ ሳንጫንም እንኑር። ኢቴዎን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የሴኡል ማዕከላዊ መስጊድ አለ፤ በዙሪያው ሐላል ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ሾርባ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሊኖር ስለሚችል የምንጾመውም፣ ሐላል የምንበላውም «የማልበላው ይህ ነው» የሚል ወረቀት በኮሪያኛ አስጽፈን እንያዝ፤ አስተናጋጁንም ከግምት እናሳርፈዋለን።

በመንገድና በባቡር

• ዳር ላይ ያሉት የባቡር ወንበሮች ለአዛውንት፣ ሮዝ ቀለም ያላቸው ለነፍሰ ጡር ናቸው፤ ባዶ ቢሆኑም አንቀመጥባቸው፣ ነፍሰ ጡር መሆኗ ገና ያልታየላት ሴት «ተነሱልኝ» ብላ መለመን የለባትም።

• ከአውቶቡስ ስንወርድም ካርዳችንን እናስነካ፤ አለዚያ ቀጥሎ በምንሳፈርበት ሙሉውን እንከፍላለን። ቦርሳችንን ወደ ፊት እናዙር፤ ከጀርባችን ያለው ሰው ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

• ሰው በታጨቀበት ጠባብ መተላለፊያ አንግባ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ኢቴዎን ውስጥ በአንድ ቁልቁለታማ ጠባብ መንገድ 159 ሰዎች ተረጋግጠው ሞተዋል፤ ከመካከላቸው የውጭ ተማሪዎች ነበሩ። ደረታችን ከሰው ጋር መጣበቅ ሲጀምር ገና መውጫ ሳለ እንመለስ፣ ከኋላ ያሉትንም እንመልስ።

• 119 ለእሳትና ለአምቡላንስ፣ 112 ለፖሊስ፣ 1345 ለኢሚግሬሽን ጥያቄ ነው። ከመውጣታችን በፊት ስልካችን ላይ እንመዝግባቸው፤ ጎረቤት ሲወድቅ ቁጥር መፈለጊያ ጊዜ የለም።

ሕጉን በተመለከተ

• በገባን በ90 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጋ ምዝገባችንን እንፈጽም፤ ካርዱ ከሌለ ባንክም ስልክም ያስቸግራል።

• የጤና ኢንሹራንሱን በየወሩ እንክፈል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ለውጭ ተማሪዎችም ግዴታ ሆኗል፤ ውዝፍ ካለ ቪዛ ማራዘም ይከብዳል።

• ያለ ኢሚግሬሽን ፈቃድ በሰዓትም ቢሆን አንቀጠር። ቤት ያለነውም «አንድ ነገር ላክ» እያልን አንግፋው፤ ለትምህርት የሄደን ልጅ ወደ ሕገወጥ ሥራ የምንገፋው እኛው ነን።

• ቪዛው ሲያበቃ አንቅር። የኮሪያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚመዝነው ተማሪዎቻቸው ስንቶቹ በሕገወጥ እንደቀሩ ጭምር አይቶ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ቪዛ ይጠብቃል። አንድ ልጅ ሲጠፋ የሚዘጋው የኔፓሉም፣ የኬንያውም፣ የእኛም ልጅ በር ነው።

ስልክ፣ ስለ እኛ ስለ ቤተሰቦች

ሴኡል ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የምንጠራው ቁጥር ከእነሱ ሰዓት ጋር አንድ ይሆናል፣ ጊዜው ግን ይለያል። ጀልዴሳ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በሴኡልም ሰዓቱ 3 ይላል፤ የእነሱ ግን ሌሊት ነው፣ እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምንለው። እራት በልተን «ልጃችንን እንጠይቅ» ስንል ልጁንም የክፍል ጓደኛውንም እየቀሰቀስን ነው።

• ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንደውል፤ እዚያ ማታ ነው፣ ትምህርትም አልቋል።

• ለቅሶ ሲኖር በፌስቡክ አናርዳው፤ ቀድመን ኢትዮጵያዊ ጓደኛው ዘንድ እንደውል፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይስማ።

• «ደህና ነኝ» እያለ ድምፁ ከቀነሰ ዝም አንበል። በሚሊዮን ሰው መካከል ብቸኝነት ይጠናል፤ ዩኒቨርሲቲዎች አማካሪ አላቸው፣ መሄድም ነውር አይደለም።

ስለ ቃኘው

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ጦርነት ሲዘምት ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሄደው በባቡር ነው፤ በድሬዳዋ በኩል። ከ6,000 በላይ ወታደሮች በየተራ ዘምተው ከ120 በላይ ወድቀዋል። ቹንቾን ከሴኡል በባቡር ደርሶ መልስ የሚኬድ ከተማ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀ ሐውልታቸው እዚያ ቆሟል።

• አንድ ቅዳሜ ለዚያ እንስጥ፣ የኮሪያ ጓደኛም እንጋብዝ፤ ታሪኩን የማያውቁ ወጣቶች እዚያም አሉ።

• የእነሱን ደም ግን የእኛ ውለታ መጠየቂያ አናድርገው። ፈተና ለወደቀ፣ ኪራይ ላዘገየ ሰው ማስተዛዘኛ እንዲሆን አልሞቱም።

ስንመለስ

• ከመነሳታችን በፊት የውጤት ማስረጃው በምን መንገድና መቼ ወደ ሬጅስትራራችን እንደሚላክ ጠይቀን በጽሑፍ እንያዝ፤ ከተመለስን በኋላ ማሳደድ ይከብዳል።

• የኢንሹራንስና የኪራይ ውዝፍ እንዝጋ፣ ቁልፉን እንመልስ፣ ክፍሉን ስንገባ ካገኘነው አጽድተን እንልቀቅ።

• ኮቱን፣ ብርድ ልብሱንና ድስቱን አንጣል። ትልልቅ ዕቃ ለመጣል እዚያ ይከፈላል፤ ለቀጣዩ ልጅ እንተውለት፣ ከእነሱም ጋር የት ሱቅ ጤፍ እንደሚገኝ፣ የትኛው አከራይ ደግ እንደሆነ፣ የወረዳው ከረጢት ምን ቀለም እንደሆነ የጻፍንበትን ደብተር።