ዳቦን ከጠላት የሚቆጥር ሰውነት

የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንደሚዋጋ በባዮሎጂ ትምህርታችን ተምረናል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሲያስቸግረኝ ቆየ፤ ይኸውም ነጭ የደም ሴል ወዳጁንና ጠላቱን በምን ይለያል? የሚል ነው። መርምሬ ያገኘሁትን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ እወዳለሁ።

ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ይህን ሰንሰለት እንዳለ አያየውም። ሌሎች ሴሎች ፕሮቲኑን ቆራርጠው፣ ከቁራጮቹ አንዱን በገጻቸው ላይ በሚገኝ ተሸካሚ አድርገው ያሳዩታል። ቲ ሴሉም ቁራጩን አይቶ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ለጦርነት ይነሣል። እንግዲህ የጦርነትና የሰላም ፍርድ የሚሰጠው በአንዲት ትንሽ ቁራጭ ነው ማለት ነው።

ፍርዱ ሲሳሳት የሚሆነውን ሴሊያክ የተባለው በሽታ ያሳየናል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የሆድ ዕቃችን ኢንዛይሞች ግሉተንን ፈጽመው ሊቆራርጡት አይችሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሊቃውንት 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ቁራጭ ሳይፈጭ እንደሚቀር አስታወቁ። ይህ ቁራጭ ለብዙዎቻችን ምንም ጉዳት የለውም። ነገር ግን ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የሚባለውን ተሸካሚ ከወላጆቻቸው ከወረሱት ሰዎች መካከል በጥቂቶቹ፣ እንዲህ ያሉት ቁራጮች ከተሸካሚው ጋር ተጣብቀው ቲ ሴሎችን ያስነሣሉ። ጦርነቱ ግን የሚጎዳው የባለቤቱን አንጀት ነው፤ ምግብ የሚመጡት ጣት መሰል ጥቃቅን ክፍሎች ይጠፋሉ፤ ልጁም እየበላ ይከሳል።

ስንዴ ለዚህ በሽታ ምክንያት መሆኑን በጥናት ያስረዳው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲኬ ሲሆን፣ ጽሑፉን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ከዚያ ወዲህ የታማሚዎቹ ዋና ሕክምና ግሉተን ካለበት ምግብ ዕድሜ ልክ መከልከል ሆነ። እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የእኛን ጤፍ መርምረው ጎጂዎቹን ቁራጮች እንዳላገኙበት መግለጻቸው ነው።

ይሁን እንጂ ጤፍ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ተደባልቆ የተጋገረ እንጀራ ለታማሚው አይሆንም። ወላጆችም ልጃቸው እየበላ ቢከሳና ሆዱ ዘወትር ቢታወክ፣ «ምግብ አይስማማውም» ብለው ከመተው ይልቅ ሐኪም ዘንድ ቢወስዱት ይበጃል። ከምርመራው በፊት ግን ዳቦ መከልከል አይገባም፤ የደም ምርመራው በሽታውን ሳያሳይ ሊቀር ይችላልና።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ለአንዱ ሲሳይ የሆነው እህል ለሌላው ሕመም ሊሆን እንደሚችል ዐውቀን፣ ዳቦ አልበላም የሚለውን ጓደኛችንን ቀብጦ ነው ብለን አንፍረድበት።