የምኞት ሥራ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ

ሰው ያለ ምኞት አይኖርም። ገበሬ ዘሩን ሲበትን አዝመራውን ይመኛል፤ ተማሪም ደብተሩን ሲይዝ የነገ ኑሮውን ያስባል። ነገር ግን ምኞት መልካም ስለ ሆነ ብቻ ለፍሬ አይበቃም፤ ከአንዱ ልብ የወጣው ምኞት የሌላውን መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። ይህን ከክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ፣ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይልቅ አጉልቶ ያሳየኝ የለም። ስለዚህ የታሪኩን ሰዎች በየምኞታቸው ለይቼ ለመመርመር አሰብሁ።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ፤ በጠላት ወረራ ዘመን በአርበኝነት ተዋግተው በጣልያን አገር ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለ ተረከውም ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ታሪኩን ያውቁታል።

በመጀመሪያ የምናገኘው የወላጅ ምኞት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲኖርላቸው ሲሉ በብጽአት ለእግዚአብሔር ሰጡት። ይህን ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ሆኖም በዛብህ አድጎ የራሱን ልብ ባገኘ ጊዜ ያ ብጽአት ከባድ ሸክም ሆነበት። እርሱ ገና ሕፃን ሳለ የተቈረጠለት ኑሮ ነበርና።

ሁለተኛው የፊታውራሪ መሸሻ ምኞት ነው። ፊታውራሪ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ከዘራቸው ለሚተካከል ባላባት ለመዳር ይመኛሉ። የሚመጣውን ሁሉ በትውልድ ሚዛን ሲመዝኑ የልጅቱ ዕድሜ ያልፋል። እሳቸው ለልጃቸው ክብር የሚደክሙ ይመስላቸዋል፤ የሚጠብቁት ግን የራሳቸውን ስም ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የበዛብህና የሰብለ ምኞት ይበቅላል። የድኻ ገበሬ ልጅ የሆነው አስተማሪና የባላባት ልጅ የሆነችው ተማሪ የሚፈልጉት አብሮ መኖርን ብቻ ነው። ተስፋቸውን የጣሉት በአዲስ አበባ ላይ ነው፤ ዳሩ ግን በዛብህን ሞት ይቀድመዋል፤ ሰብለም መንኵሳ ትቀራለች።

ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ «በዛብህ ልበ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ምኞቱ ይፈጸም ነበር» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጉዱ ካሳን እንመልከት። እርሱ የባላባቱ ቤት ዘመድ ሲሆን ልማዱን ፊት ለፊት ይነቅፍ ነበር፤ ድፍረትም ዕውቀትም አላነሰውም። ነገር ግን ብቻውን ስለ ነበረ ያተረፈው «ጉዱ» የሚል ስም ነው። በአንጻሩ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ባላገሮች የተመኙት ትንሽ ነገር ነበር፤ ከልማድ በላይ የሆነ ግብር እንዳይጫንባቸው። ፊታውራሪ ሊወጉዋቸው በዘመቱ ጊዜ ግን እነዚያ ባላገሮች ማረኳቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ይህ ነው። እንግዲህ የበዛብህን ምኞት ያከሸፈው የልብ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ትውልድን ከሰው በላይ ያደረገ ልማድና ብቸኝነት ነው።

ይህ ታሪክ የጎጃም ብቻ ነው ብለን እንዳናልፈው ወደ ራሳችን አገር እንመልከት። በካፋም ሰው በትውልዱ ሲመዘን ኖሯል። ማንጆ የተባሉት ወገኖቻችን በአደንና ከሰል በመሸጥ ሲተዳደሩ፣ ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጋባምም ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ከተጻፈ በኋላም ልማድ በማዕድና በጋብቻ ላይ ተደብቆ ይቆያል። ዛሬ በዋጫ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን አንድ መጽሐፍ የምናነብ ተማሪዎች፣ በበዛብህ ሞት አልቅሰን ከደጅ ስንወጣ የጓደኛችንን ዘር የምንጠይቅ ከሆነ ምን አነበብን ይባላል? ዕንባችን ለበዛብህ፣ ሥራችን ለፊታውራሪ ሆነ ማለት ነው።

የወላጅ ምኞትም እንዲሁ ነው። አባትና እናት ቡና ለቅመውና ሸጠው ሲያስተምሩን «ሐኪም ሁን፣ መሐንዲስ ሁኚ» ማለታቸው ከፍቅር ነው። ምክራቸውን በአክብሮት መስማት ይገባናል፤ እነርሱም የልጃቸውን ዝንባሌ ቢጠይቁ መልካም ነው። ቦጋለና ውድነሽ ክፉዎች አልነበሩም፤ ሕፃኑን ሊጠይቁት አልቻሉም እንጂ። እኛ ግን ለመጠየቅም ለመመለስም ደርሰናል።

ከዚህ መጽሐፍ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ሰው ምኞቱን ከመከተሉ በፊት «ይህ ምኞት የማን ነው? የማንንስ መንገድ ይዘጋል?» ብሎ መመርመር አለበት። መንገዱ በልማድ የተዘጋ ሆኖ ቢያገኘውም እንደ ጉዱ ካሳ ብቻውን አይቁም፤ የሚረዳው ባልንጀራ ይፈልግ። ሰብለ፣ በዛብህና ካሳ በአንድነት ያረፉት በመቃብር ነው። የእኛ ትውልድ ግን በሕይወት ሳለ በአንድ ማዕድ መቀመጥን ይልመድ።