የቆዩ ሠፈሮችን መልክ በክልል ደንብ ስለ መጠበቅ
(የአስመራ ከተማ ምሳሌነት)

የከተማ ቅርስ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው አብያተ ክርስቲያናትን፣ መስጊዶችን፣ ቤተ መንግሥቶችንና ሐውልቶችን ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ የሚኖርባቸው የቆዩ ሠፈሮችም ቅርስ ናቸው። አንድ የታወቀ ሕንፃ በስሙ ተመዝግቦ ሊጠበቅ ይችላል። የሠፈር መልክ ግን የብዙ ተራ ቤቶች፣ የአጥሮች፣ የአትክልት ቦታዎችና የመንገዶች ድምር ስለ ሆነ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ የክልል ደንብ ያስፈልገዋል።

የክልል ደንብ ማለት የከተማው መሬት በክፍል በክፍል ተለይቶ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ምን ሊሠራ እንደሚፈቀድ የሚወስን ሕግ ነው። ዋና ዋናዎቹ ነገሮች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ቤቱ የሚውልበት አገልግሎት፣ ይኸውም መኖሪያ፣ ሱቅ ወይም ፋብሪካ መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ የቤቱ ከፍታ፤ ሦስተኛ፣ ቤቱ ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን የሚርቅበት ልክ፤ አራተኛ፣ ከግቢው ምን ያህሉ በቤት እንደሚሸፈንና ምን ያህሉ ክፍት ሆኖ እንደሚቀር ነው። በቆዩ ሠፈሮች ደግሞ አምስተኛ ይጨመራል፤ ይኸውም የቤቱ የፊት ገጽታ፣ መስኮቱ፣ በረንዳውና አጥሩ ያለ ፈቃድ እንዳይለወጥ ነው።

የዚህ ጥቅም በአስመራ ሠፈሮች ላይ በግልጽ ይታያል። በገዛ ባንዳ ሠፈር በአትክልት የተከበቡ ቪላዎች አሉ። በእንደዚህ ያለው ሠፈር መካከል አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቢቆም፣ የጎረቤቶቹን ፀሐይ ይጋርዳል፤ ግቢያቸውንም ለሌላ ሰው ዓይን ያጋልጣል። ለጥቂት ቤተ ሰቦች ተብሎ የተዘረጋው የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ ከልኩ በላይ ይሸከማል። የቦታው ዋጋ ሲንርም ጎረቤቱ ቪላውን አፍርሶ ፎቅ መሥራት ያምረዋል። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» እንደ ተባለው፣ የመጀመሪያው ጥፋት ካልታረመ የኋለኛውን ማረም ያስቸግራል።

ነገር ግን የክልል ደንብ መሣሪያ ነው፤ መልካምነቱም ክፋቱም እንደ ያዘው ሰው ነው። የአስመራ ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢጣልያውያን ቦታውን በ1889 ከያዙ በኋላ፣ በ1910ዎቹ መሐንዲሱ ኦዶአርዶ ካቫኛሪ፣ በ1938 ደግሞ ቪቶሪዮ ካፊዬሮ ባወጡት ፕላን ከተማው በክልል ተከፋፈለ። የክፍፍሉም መሠረት የሰው ዘር ነበር። ሰፊው መንገድና አትክልቱ ለአውሮፓውያን ሲመደብ፣ የአገሩ ተወላጆች እንደ አባ ሻውል ባሉ በተጨናነቁ ሠፈሮች ተወሰኑ። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በውበቱ የሚደነቀው ጎዳና የተሠራበት ደንብ፣ የብዙዎችን መብት የገፈፈ ደንብም እንደ ነበረ ሊዘነጋ አይገባም።

ኤርትራ በ1993 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ፣ ይኸው መሣሪያ ለሌላ ዓላማ ዋለ። በ2001 በከተማው መሐል 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ታሪካዊ ክልል ተብሎ ተወሰነ፤ በውስጡም አዲስ ግንባታ ታገደ። በ2017 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) አስመራን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበው ቦታ 481 ሄክታር ነው። የሚያስደስተው ነገር፣ በዚህ መዝገብ የገቡት በፕላን የተሠሩት ሠፈሮች ብቻ አለመሆናቸው ነው። ያለ ፕላን የተቆረቆሩት አርባዕተ አስመራና አባ ሻውልም አብረው ገብተዋል። ስለዚህ የተናቀው ሠፈር ከተከበረው ጋር በአንድ ክብር ተጽፏል።

ሆኖም ክብር ብቻውን ጣራ አይጠግንም። ቤት ከቤት በተጠጋበትና መንገዱ በጠበበበት ሠፈር ለሚኖር ሰው፣ «ቤትህ ቅርስ ነውና አትንካው» ብሎ ውኃና መጸዳጃ መንፈግ የቀድሞውን በደል በአዲስ ስም መመለስ ይሆናል። ደግሞም ሁሉን የሚከለክል ደንብ ራሱን ያፈርሳል። ባለቤቱ ጣራው ሲያፈስ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ወራት የሚጠብቅ ከሆነ፣ ወይ ቤቱን እስኪወድቅ ይተወዋል፤ ወይም በሌሊት በድብቅ ይሠራዋል።

እንግዲህ የማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ሦስት ነገሮችን ለይተው ማየት ይገባቸዋል፤ እነዚህም ጥገና፣ ለውጥና ማፍረስ ናቸው። ጥገና በፍጥነትና በቀላል ክፍያ ሊፈቀድ፣ ለውጥ በባለሙያ ሊመረመር፣ ማፍረስ ግን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ሊታሰብ ይገባል። ውኃ፣ መብራትና መጸዳጃ ማስገባት የቤቱን የውጭ መልክ እስካላበላሸ ድረስ እንደ ጥገና ቢቈጠር መልካም ነው። ደንቡም ሕዝብ በሚረዳው ቋንቋ ተጽፎ፣ ከካርታው ጋር ማንም በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ለሀብታም የሚላላና በድኻ ላይ የሚጠብቅ ደንብ በሕዝብ ዘንድ ሊከበር አይችልም።

የቤት ባለቤቶችም የበኩላቸው ድርሻ አላቸው። በጭቃ ወይም በኖራ የታነጸ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ በውስጥ ይታመቅና ግድግዳው ይጐዳል፤ ስለዚህ በኖራ መለሰኑ ይሻላል። የዝናቡ ወራት ሳይገባ አሸንዳን መጥረግና የተሰነጠቀ ቆርቆሮ መለወጥ፣ በኋላ ከሚመጣው ትልቅ ወጪ ያድናል።

የቆየ ሠፈር የሚጠበቀው ነዋሪው በውስጡ በደኅና መኖር እንዲችል ጭምር ነው። ቤቱን ጠብቆ ባለቤቱን የሚያስወጣ ደንብ የሚጠብቀው ባዶ ግድግዳ ይሆናል። ነዋሪውን ከነቤቱ የሚጠብቅ ደንብ ግን ከተማውን ከነታሪኩ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል።